የተደባለቁት የምጽዋ ዛጎሎች

ኅዳር 3፣ ማክሰኞ። ማታ 1 ሰዓት።

ሦስተኛው ሣጥን አለቀ። ጣቴ ቀለም በቀለም። ስሄድ መገናኛ የሲ.ኤም.ሲ ታክሲ ሰልፍ አርባ ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ስመለስ ባቡሩ ውስጥ ቆሜ መጣሁ። ጉልበቴ እየከሰሰኝ ነው።

ሥራው ያው ነው፣ ማስታወሻዬ። ዶ/ር ይልማ መስኮቱ ሥር፣ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ። ዛጎል አነሣና መዳፋቸው ላይ አስቀምጣለሁ። ዓይናቸው አሁን ብርሃንና ጥላ ቢለይ ነው። ጣታቸው ግን ያው የድሮው ጣት። በአውራ ጣታቸው ጥፍር ጠርዙን ይዳስሳሉ፣ ትንሽ ያስባሉ፣ ስሙን ይነግሩኛል። እኔ አዲስ መለያ ወረቀት እጽፋለሁ። ከአሮጌዎቹ ብዙዎቹን ብል በልቷቸዋል። ሁሉም ሲያልቅ ስብስቡ ለዩኒቨርሲቲ ይሰጣል።

በመስከረም የደወለችልኝ ልጃቸው ራሄል ናት። አባዬ የሌላ ሰው ጽሕፈት አልፈልግም ብሏል፣ እትዬ ጫልቱ ካልሆኑ ሣጥኖቹ አይከፈቱም ብሏል አለችኝ። ጡረታ ከወጣሁ ሁለተኛ ዓመቴ፤ ባዮሎጂ የማስተምረው ልጅ የለኝ፣ ሌላ ሥራ የለኝ። እንቢ የምልበት ምክንያት አልነበረኝም። ማለት የምነግራት ምክንያት።

ዛሬ ቀንድ አውጣዎቹን ጨረስን። አንዱ ጠርሙስ ሲከፈት የአልኮሉ ሽታ ወጣ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሆንኩ በአንዴ። ምጽዋ፣ የዶ/ር ረዳት ሆኜ የሠራሁበት የባሕር ምርምር ጣቢያ በረንዳ፣ ጨው የበላው የመስኮት ብረት፣ ላብ የሚንጠባጠብበት ደብተሬ። ዶ/ርም ፊታቸውን ወደ ጠርሙሱ አዞሩ። ሸተታቸው መሰለኝ።

ከመውጣቴ በፊት አሉኝ፤ የሚቀጥለው ሣጥን የቦርቧሪዎቹ ነው፣ ለሱ ቀደም ብለሽ ነይ።

አውቃለሁ። ከመስከረም ጀምሮ የምቆጥረው እሱኑ ነው።

ኅዳር 5፣ ሐሙስ። ጧት 2 ሰዓት።

ብርድ። የእንጦጦ ጭጋግ እስከ አጥራችን ወርዷል። ጋቢ ተከናንቤ ነው የምጽፈው።

ቦርቧሪዎቹን ላስተዋውቅህ። ለተማሪዎቼ እንኳ ተናግሬ የማልጠግበው ነገር ነበር። የተምር ፍሬ የምታህል፣ የተምር ቀለም ያላት ዛጎል ናት። ሁለት ክፋይ። ሰው ከሚበላቸው ዛጎሎች ጋር አንድ ቤተሰብ፣ ግን እነሱ ከድንጋይ ላይ በክር ተንጠልጥለው ሲኖሩ ይህች ድንጋዩ ውስጥ ገብታ ትኖራለች። ጥርስ የላትም። መሰርሰሪያ የላትም። ከለስላሳ ሥጋዋ ጠርዝ የሚወጣ ፈሳሽ አለ፤ የድንጋዩን ኖራ ቀስ አድርጎ ያሟሟዋል። የራሷም ልብስ ያው ኖራ ነው፤ እንዳትሟሟ ቡናማ ቆዳ ለብሳለች። ሳይንሳዊ ስሟ ሊቶፋጋ። ድንጋይ በሊታ ማለት። ድንጋይ ግን አትበላም። የምትበላው ውኃው የሚያመጣላትን ደቃቅ ነገር ነው። ስም አውጪዎቹ ቸኩለው ነው።

ትንሽ ሆና ትገባለች፣ ውስጥ ታድጋለች፣ በሩ ግን ያው ጠባቡ በር ነው። ወጥታ አታውቅም። ድንጋዩ ኮራል ነው፤ ጥቃቅን የባሕር እንስሳት ከኖራ የሚገነቡት። የምትኖርበት ኮራል የሞተ ከሆነ ቤቷ ባለበት ይቆያል። ሕያው ከሆነ ኮራሉ በላይዋ ያድጋል፣ በሯን ሊደፍንባት። ስለዚህ ከኮራሉ ጋር ወደ ላይ ትወጣለች፣ የተወችውን ቦታ ከኋላዋ በኖራ እየለሰነች።

ምጽዋ ከተማው ራሱ ከኮራል የተሠራ ነበር። የድሮዎቹ ቤቶች ግድግዳ። መጀመሪያ የሄድኩ ሰሞን በአንድ ግድግዳ ላይ የቁልፍ ቀዳዳ የሚመስሉ ነገሮች አይቼ ጥይት መስሎኝ ነበር። ዶ/ር ሳቁብኝ። ጥይት አይደለም፣ ነዋሪዎች ናቸው አሉኝ። የዚያን ለታ ነው ሥራውን የወደድኩት።

ከዚያ በፊት ባሕር ሲባል የማውቀው የዛፍ ስም ብቻ ነበር። እዚሁ ተወልጄ። አባቴ አሁን ኮንዶሚኒየም የቆመበት ላይ ገብስ ይዘራ ነበር። ለዓመት በዓል ስመጣ አንዷን ዛጎል አመጣሁለት። በኦሮምኛ ነበር የምናወራው። ድንጋይ ውስጥ ገብታ ምን ትሠራለች አለኝ። ትደበቃለች አልኩት። ከማን አለኝ። ከዓሣ፣ ከሸርጣን። ገልበጥበጥ አድርጎ አያትና ሞኝ አይደለችም ብሎ ኪሱ ከተታት። ሲሞት ኮቱ ኪስ ውስጥ አገኘናት።

ወጉን ትቼ ዋናውን መጻፍ ነበረብኝ። አልቻልኩም ዛሬ።

ኅዳር 8፣ እሑድ። ከሰዓት 9፡30።

ከጸሎት ቤት መጣሁ። ስብከቱን አልሰማሁትም። ልጻፈው።

ሁለት ትሪ ነበር። አንደኛው ከወደቡ አጠገብ ካለው ከሞተ ኮራል በመዶሻ ያወጣናቸው። ሁለተኛው ከአንዲት ደሴት ፊት ለፊት ከሕያው ኮራል ያወጣናቸው። በድምሩ ሃምሳ ሰባት። ለወራት የሰበሰብናቸው። ዶ/ር አሥመራ ለስብሰባ ሄዱ። ሲመለሱ ሊለኳቸው፣ ሊያወዳድሯቸው። ጥያቄው አንድ ነበር፤ ከእነዚህ ዛጎሎች አንዳንዶቹ በጫፋቸው ላይ ነጭ የኖራ ልባስ አላቸው፣ አንዳንዶቹ የላቸውም። ልባሱ የተለየ ዓይነት ምልክት ነው? ወይስ የዕድሜ ነገር ነው?

እሳቸው ሳይመለሱ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ያ የምጽዋ ነፋስ ተነሣ። ትሪዎቹን ከበረንዳ ወደ ውስጥ ላስገባ ሁለቱንም ደራርቤ ያዝኩ። በሩ በነፋሱ ተመልሶ መታኝ። ወደቁ። የአልኮል ጠርሙስም አብሮ ወደቀና ተሰበረ። መለያ ወረቀቶቹ ረጠቡ፣ ቀለሙ ታጠበ። ሃምሳ ሰባት ዛጎል ወለል ላይ።

ማንም አላየኝም።

የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም ነበር። ከእኔ በፊት የነበረችው ረዳት በአንድ የጠፋ ደብተር ምክንያት ተባራለች። ተንበርክኬ ለቀምኩ። አስታውሳቸው የነበሩትን፣ ምናልባት አሥሩን፣ ወደ ቦታቸው መለስኩ። የቀረውን ገመትኩ። አይ። ለአንተም ልዋሽ ነው። አልገመትኩም። በሁለቱም ትሪ ልባስ ያለውም የሌለውም፣ ትልቅም ትንሽም እንዲኖር አድርጌ አከፋፈልኩ፣ እንዳያስታውቅ። አዲስ ወረቀት ጻፍኩ። ጽሕፈቴ ቆንጆ ነበር።

ዶ/ር መጡ፣ ለኩ። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ልባሱ በሁለቱም ትሪ አለ፤ ስለዚህ የዓይነት ምልክት አይደለም፣ ዕድሜ ነው፤ ስለዚህ በሞተውም በሕያውም የሚኖሩት አንድ ዓይነት ናቸው። እንዲህ ብለው ጻፉ።

በኋላ ከውጭ አንድ የዛጎል ባለሙያ መጡ። ልባስ ያላቸው ሌላ ዓይነት ናቸው፣ በሕያው ኮራል ነው የሚኖሩት ብለው ተከራከሩ። ዶ/ር ሁለቱን ትሪ አቀረቡላቸው። እንግዳው ለረጅም ሰዓት አዩ። ያን ቀን ዶ/ር አሸነፉ። ለሁላችንም ዓሣ ጋበዙን። በላሁ።

ከዚያ ዓለም በእንግዳው መንገድ ሄደ። ልባስ ያላቸው ዛሬ የራሳቸው ስም አላቸው፤ ሌዮሶሌነስ። በስልኬ ነው ያነበብኩት፣ ጡረታ በወጣሁ ሰሞን። ዶ/ር ግን ትሪዬን አይቻለሁ እንዳሉ ቀሩ። የጻፉትን ማንም አልተቀበላቸውም፣ እሳቸውም መጻፍ ተዉ። እኔ አስተማሪ ሆንኩ። ተማሪዎቼን፤ ያያችሁትን ብቻ መዝግቡ እል ነበር።

ኅዳር 10፣ ማክሰኞ። ማታ 12፡30።

ተከፈተ። ሁለቱ ትሪዎች። በላያቸው የእኔ ጽሕፈት። ሁለት ትልልቅ ያልተሰበሩ የኮራል ድንጋዮችም አሉ፤ አንዱ ነጭ፣ ከሕያው የተቆረጠ፣ አንዱ ግራጫ፣ የሞተው። ቁጥራቸው ታችኛው ላይ በስለት ተቀርጿል። ዶ/ር ለጌጥ ነው ብለው አላስነካም ያሏቸው ናቸው። ነጩን ጭናቸው ላይ አድርገው ቀዳዳዎቹን በጣታቸው አንድ በአንድ ጎበኙ። ፊታቸው በራ። ራሄል የአምስት ዓመት ልጅ ሆና በዚያ ባሕር ዳር እንዴት እንደተንከባለለች፣ እኔ እንዴት በጀልባ እንደታመምኩ አወሩ። ሳቅን። ቡና ሳይሆን እንደዚያን ጊዜው ሻይ በቅርንፉድ አፈላን። እንዴት ደስ አለኝ፣ እንዴትስ አፈርኩ።

ከዚያ፤ ጻፊ አሉኝ። ከሞተ ኮራል፣ ሊቶፋጋ። ከሕያው ኮራል፣ ሊቶፋጋ። ልባስ፣ የዕድሜ ምልክት።

አራት ወረቀት ጻፍኩ። በአምስተኛው እጄ ቆመ። ራሴን አመመኝ አልኳቸው። ቶሎ ሂጂ፣ ብርድ ነው፣ አሉኝ። ራሄልን ታክሲ ድረስ ሸኚያት አሏት።

ፈሪ ነኝ። በሃያ ሁለት ዓመት ፈሪ መሆን ይገባል እንበል። በስልሳ አንድስ?

ኅዳር 12፣ ሐሙስ። ጧት 4 ሰዓት።

ሰፈሩ ሁሉ ጭስ ነው። ጎረቤቶች እንደ ኅዳር ልማድ ቆሻሻቸውን እያቃጠሉ ነው፣ ከታች ደግሞ የየካ ሚካኤል የንግሥ ዝማሬ በድምፅ ማጉያ ይመጣል። መስኮት ዘግቼ ተቀምጫለሁ።

ራሄል ደወለች። ተሽሎዎታል ወይ ብላ። ቀጥላ፤ አባዬ ያቺን የድሮ ጽሑፉን ከስብስቡ ጋር አብሬ ካልሰጠሁ ብሏል፣ ወጣቶቹ ትሪዎቹን አይተው ይፈርዱልኛል ይላል፣ እንደዚህ ደስ ብሎት ካየሁት ከርሟል አለችኝ።

ይፈርዱልኛል። በእኔ ትሪ።

ዝም ብዬ ብጽፍ ምን ይሆናል? ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። ደስ ብሏቸው ይኖራሉ። አንድ ቀን አንድ ተማሪ መሳቢያ ይከፍትና፤ እኚህ ሰውዬ መለየት እንኳ አይችሉም ነበር ይላል። በእሳቸው ስም። የእኔ ስም የትም የለም።

ልነግራቸው ነው። ማክሰኞ። እዚህ መጻፌ እንዳላፈገፍግ ነው።

ኅዳር 17፣ ማክሰኞ። ማታ 12 ሰዓት።

ነገርኳቸው።

እንደተቀመጥኩ ነው። ካፖርቴን ሳላወልቅ።

«ዶክተር፣ ከመጀመራችን በፊት የምነግርዎት አለ።»

«ንገሪኝ።»

«ሁለቱ ትሪዎች ያኔ ተደባልቀዋል። እርስዎ አሥመራ ሳሉ። የጣልኳቸው እኔ ነኝ።»

ነጩ ኮራል ጭናቸው ላይ ነበር። እጃቸው ቆመ።

«መልሰሽ እንዴት ለየሻቸው?»

«አልለየኋቸውም። ዝም ብዬ አከፋፈልኳቸው። እንዳያውቁብኝ።»

ራሄል ወጥ ቤት በር ላይ ቆማለች፣ ፎጣ በእጇ። መቼ እንደመጣች አላየሁም።

«ያ የውጭ ሰውዬ ሲመጣ እዚያው ነበርሽ?» አሉኝ።

«ሻይ ያቀረብኩላችሁ እኔ ነበርኩ።»

ቢጮኹ ይሻለኝ ነበር። ኮራሉን አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፣ ቀስ ብለው፣ ጠርዙን በእጃቸው ፈልገው።

«ሂጂ፣» አሉ። «ዛሬ ደክሞኛል።»

ራሄል አልሸኘችኝም። መብቷ ነው። እስከ ባቡር ፌርማታው በእግሬ ሄድኩ። ማልቀስ ይመጣል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ አልመጣም። ባዶ ነኝ። ቀልሎኛል ማለት እፈልጋለሁ፤ አልቀለለኝም። ሸክሙን እሳቸው ላይ አስቀምጬ የመጣሁ ነው የመሰለኝ።

ኅዳር 19፣ ሐሙስ።

ራሄል አልደወለችም።

ኅዳር 24፣ ማክሰኞ። ጧት 5 ሰዓት።

ልማዱ ቀስቅሶኝ ለበስኩ። ቦርሳዬን ያዝኩ። መገናኛ ድረስ ወረድኩ። የሲ.ኤም.ሲውን ሰልፍ አየሁትና ተመለስኩ።

ሽቅብ ወጣሁ በምትኩ። ወደ እንጦጦ የሚወስደውን ዳገት፣ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ጭራሮ የለቀምንበትን። እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ዛሬም አሉ። አንዷን እንዴት አደርሽ አልኳት፣ በአንቺ ዕድሜ ይሄን ዳገት ምን አስወጣሽ አለችኝ። ከላይ ሆኜ ከተማዋን አየሁ። ያኔ ከምጽዋ ስመለስ ከዚሁ ቦታ ቆሜ አድማሱ ላይ ሰማያዊ መስመር እፈልግ ነበር። ሞኝነት። ሁለት ዓመት ያየሁትን ባሕር አርባ ዓመት ሊሞላው ሲልም አልረሳሁትም። ጦርነቱ ሲቃረብ ጣቢያው ተዘጋ፣ ሣጥኖቹ በጭነት መኪና መጡ፣ እኛም ወጣን። ከዚያ ወዲያ ያቺን በረንዳ አላየኋትም። ማን እንዳለባትም አላውቅ።

የማዝነው ለባሕሩ ነው ለዶ/ር? ዛሬ መለየት አልቻልኩም። ያኔ እሳቸው ስለ አንዲት ዛጎል ሲያወሩ ቀኑ አጭር ነበር።

ኅዳር 27፣ ዓርብ። ከሰዓት 10 ሰዓት።

ራሄል መጣች። እዚህ፣ ቤቴ። መንገዱን ጠይቃ ጠይቃ። በሩን ስከፍት አላወቅኳትም፣ ዓይኗ አብጧል።

ለመጀመሪያ ጊዜ ክፉ ተናገረችኝ። እትዬ፣ አባቴን ሰው ሁሉ አርባ ዓመት እልኸኛ ሲለው ኖረ፣ እኔም ብዬዋለሁ፣ እናቴም ብላው ሞተች አለችኝ። ሻይ ሰጠኋት። ጠጣች። ከዚያ እጄን ያዘች።

«አባዬ መልእክት ልኮኛል፣» አለች። «ማክሰኞ መጋዝ ይዛ ትምጣ ብሏል።»

«የምን መጋዝ?»

«የብረት መቁረጫ። ድንጋዮቹን ልትቆርጧቸው ነው አለ። አልበላም አልጠጣም ብሎ ሰንብቶ ትናንት እንደዚህ አለኝ፣ ከዚያ ሽሮ ስጪኝ አለ።»

ሁለቱን ድንጋዮች። የማይነኩትን። ገባኝ ወዲያው። እነሱ አልተደባለቁም፤ ቁጥራቸው የተቀረጸ ነው። በውስጣቸው ያሉት ዛጎሎች የየትኛው ኮራል ነዋሪ እንደሆኑ የታወቀ ነው። ነጩ ውስጥ ያሉት ልባስ ካላቸው፣ ግራጫው ውስጥ ያሉት ከሌላቸው፣ መልሱ ያ ነው። አርባ ዓመት እዚያው ተዘግቶበት።

ነገ መገናኛ መጋዝ እገዛለሁ።

ታኅሣሥ 1፣ ማክሰኞ። ማታ 1 ሰዓት።

ክንዴ አይታጠፍም። ፀጉሬ ኖራ።

ስገባ ሰላምታ ሰጡኝ፣ እንደ ማንኛውም ቀን። ስለ ጉዳዩ አንድ ቃል የለም። በረንዳ ላይ አሮጌ አንሶላ ተነጥፏል። ራሄል ድንጋዩን ያዘች፣ እኔ ቆረጥኩ። ኮራል ይቆረጣል፣ ግን እንደ ጥርስ ሐኪም ድምፅ ነው። አንዲት ጎረቤት በአጥር ብቅ ብላ ምን እየሠራችሁ ነው አለች። ራሄል ዛጎል እንፈልጋለን አለቻት። ሲ.ኤም.ሲ ውስጥ።

መጀመሪያ ግራጫውን። ለሁለት ሲከፈል ሦስት ጉድጓድ ተገለጠ። ሦስት ተምር። ቡናማ፣ ለስላሳ፣ እስከ ጫፋቸው ድረስ ልባስ የላቸውም። አንዷን ሰጠኋቸው። በጥፍራቸው ዳሰሷት። በምላሳቸውም ነኳት፣ እንደ ድሮው። «የለም፣» አሉ።

ከዚያ ነጩን። እዚህ ላይ መጋዙን አስቀመጥኩ። ራሄል ተካችኝ። ሲከፈት ጉድጓዱ ረጅም ነው፤ ከሥሩ በኖራ የተለሰነ፣ ንብርብር በንብርብር፣ እንደ ደረጃ። ዛጎሏ ከኮራሉ ጋር ወደ ላይ የወጣችበት መንገድ። ለተማሪዎቼ ስንት ጊዜ ሰሌዳ ላይ ሥዬዋለሁ፤ ሳይሰበር ሙሉውን በዓይኔ ሳይ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው። ለዶ/ር ጣታቸውን ይዤ እያንዳንዷን ደረጃ አስዳሰስኳቸው። ስድስት ቆጠሩ። ከላይ ዛጎሏ አለች። ጫፏ ላይ ነጭ ልባስ፣ ከዛጎሉ አልፎ የወጣ፣ ሻካራ።

አምስት ዛጎል ነበር በነጩ ውስጥ። አምስቱም ባለ ልባስ።

ዶ/ር ከግራጫውም ከነጩም አንዳንድ ዛጎል በሁለት እጃቸው ይዘው ዳሰሱ።

«ሁለት ዓይነት ናቸው፣» አሉ በመጨረሻ። «ያ ሰውዬ ልክ ነበር።»

ይቅርታ ዶክተር አልኩ። እስካሁን አላልኩትም ነበር፣ ታምናለህ? ነገርኳቸው እንጂ ይቅርታ አላልኩም።

ወደ እኔ ዞሩ። የሚያዩኝ ይመስላል ሲዞሩ። ያኔ ነግረሽኝ ቢሆን ኖሮ እጮህብሽ ነበር፣ ምናልባትም አባርርሽ ነበር አሉ። በሁለተኛው ወር ደግሞ እንደገና እንሰበስብ ነበር፣ ባሕሩ እዚያው ነበር፣ ሁለታችንም ጉልበት ነበረን። እሱን ነው የማልረሳልሽ።

የሚገባኝን ነው የተናገሩኝ። ባሕሩ እዚያው ነበር።

ታኅሣሥ 8፣ ማክሰኞ። ማታ 12፡30።

ዛሬ ሃምሳ ሰባቱን አንድ በአንድ። ልባስ ያለው ወደዚህ፣ የሌለው ወደዚያ። እኔ በአጉሊ መነጽር፣ እሳቸው በጣት። ብዙውን ጊዜ እንስማማለን። አርባ ስድስቱ ቦታቸውን አገኙ። አሥራ አንድ ቀሩ። ጫፋቸው የተሰበረ፣ የተፋቀ። ልባስ ነበራቸው ወድቆ ይሆን፣ ወይ ከመጀመሪያውም አልነበራቸውም፣ አይታወቅም።

ዶ/ር ቸኮሉ። ዩኒቨርሲቲው በሚቀጥለው ማክሰኞ ይጠብቀናል። በቅርጻቸው እንመድባቸው፣ እነዚህ ረዘም ያሉት ከሕያው ናቸው፣ ጻፊ አሉኝ።

«አልጽፍም፣» አልኩ።

በሕይወቴ እንቢ ብያቸው አላውቅም። ራሴም ደነገጥኩ።

«ለምን?»

«አላየንማ። እርስዎም አላዩ፣ እኔም አላየሁ።»

ፊታቸው ተቆጣ። ድሮ የሚያስፈራኝ ያ ፊት። ይኸው ቅንድባቸው ገጠመ። ከማን ጋር እንደምትናገሪ ታውቂያለሽ አሉ። አውቃለሁ አልኩ። እጄ ብዕሩን እንደያዘ ነው፣ አልጻፍኩም። በስልክ ታወራ የነበረችው ራሄል ስልኳን ዘጋች።

በመጨረሻ፤ ታዲያ ምን ትጽፊያለሽ አሉ።

«የተሰበሰበበት ኮራል አይታወቅም፣» አልኩ።

አሰቡት። እሺ፣ ይሁን አሉ። ቀጥለው፤ ተማሪዎችሽን እንደዚህ ነበር የምታስተምሪያቸው ብለው ጠየቁኝ። አዎ አልኩ። ጥሩ አስተማሪ ነበርሽ ማለት ነው አሉ። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት ማየት አቃተኝ፣ መነጽሬን ማውለቅ ነበረብኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ሰኞ። ከሰዓት 11 ሰዓት።

ዛሬ ቀኔ ባልሆነ ቀን ሄድኩ። የእርማቱን ጽሑፍ ለመጻፍ። ከድሮው ጽሑፋቸው ፊት የሚገባ አንድ ገጽ። ቃል በቃል ነገሩኝ፤ ድምፃቸው ደካማ ነው፣ ሳል ይዟቸዋል፣ ግን ዓረፍተ ነገሩ ቀጥ ያለ።

በሕያው ኮራል የሚኖሩት ልባስ ያላቸው ዛጎሎች የተለዩ መሆናቸውን። ቀድሞ የደረስኩበት ድምዳሜ ስሕተት መሆኑን። ስሕተቱን ከእኔ በፊት ያዩት የውጭ ባለሙያ ልክ እንደነበሩ። እዚህ ላይ ደገሙልኝ፣ ልክ እንደነበሩ፣ ደምቆ ይጻፍ አሉ። በዚያው ሳላቸው መጣና ውኃ ጠጡ።

ከዚያ፤ ናሙናዎቹ በጉዞ ላይ በአጋጣሚ ተደባልቀዋል።

ቀና አልኩ። በጉዞ ላይ?

በጉዞ ላይ አሉ። ጻፊ። ጭነት መኪና ላይ ስንት ነገር ይሆናል።

ጻፍኩት። እሳቸው ያሉትን ነው የምጽፈው፣ ሥራዬ ያ ነው። ስወጣ እጄን ያዙኝ። ስለ ትሪው አይደለም ያወሩኝ። የጣቢያው ጀልባ ስሟ ማን ነበር አሉኝ። እኔም ረስቻለሁ። ሁለታችንም አልመጣልንም። በሩ ላይ ቆመን ስም ፈለግን።

ገጹ እኔ ዘንድ ነው፣ በንጹሕ ገልብጬ ላመጣው።

ታኅሣሥ 15፣ ማክሰኞ። ጧት 2፡40።

ገልብጬዋለሁ። ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ እሳቸው እንዳሉት፣ በጉዞ ላይ የሚለውን ጨምሬ። ጽሕፈቴ አሁንም ያምራል። አንብቤው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና ፊቴን ታጠብኩ።

ደግ ናቸው። ለእኔ ብለው ዋሹ፣ በእርማታቸው ገጽ ላይ። በዚህ ዕድሜያቸው የመጨረሻ ጽሑፋቸው ላይ ውሸት አይኖርም።

በሁለተኛው ወረቀት ያችን አንዷን ዓረፍተ ነገር ተውኳት። ከእሳቸው ፊርማ ቦታ በታች በራሴ ቃል፤ ትሪዎቹን ምጽዋ ላይ የጣልኳቸውና እያወቅሁ ያደባለቅኋቸው እኔ ረዳታቸው ነኝ፣ ዶ/ር አላወቁም ነበር። ሙሉ ስሜ ከነአባቴ ስም። መኪናው ውስጥ አነብላቸዋለሁ፣ ከመፈረማቸው በፊት። ሊቆጡ ይችላሉ። ይቆጡ። አንዴ ተቆጥተው አይቻቸዋለሁ፣ ከዚያም ሽሮ በልተዋል።

ራሄል ደወለች፣ የካ ሚካኤል መታጠፊያ ላይ ደርሰዋል። ሣጥኖቹ ከኋላ ናቸው፣ ትሪዎቹን ግን አባዬ ጭኑ ላይ ካላደረግኩ ብሏል አለችኝ። ወርጄ በር ልክፈት። ሁለተኛውን ወረቀት ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ።